ሃያው ኪሎ

ዛሬም ጅማ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብባት ዋለ። ሱቁን ዘግቼ ደብተሬን ይዤ ተቀምጫለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ወደየቤታቸው ገብተዋል። ልብሴ አሁንም ቡና ቡና ይሸታል።

ቡና ቆልቼና አሽጌ መሸጥ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። መጀመሪያ በብረት ምጣድ ነበር። እቁብ ሲደርሰኝ ትንሽ የመቁያ ማሽን ገዛሁ። ጥሬ ቡና ለጅማ ሰው ችግር አይደለም፤ ቡና አብቃዮቹ ማናና ጎማ ወረዳዎች ደጃችን ናቸው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እሸጣለሁ፣ ደንበኛ ይጨምራል፣ ወሩ ሲያልቅ ግን ጥሬ ቡና የምገዛበት ብር የለኝም። ሌሊት ተነስቼ እቆጥራለሁ። ልጆቹን እስከ መጠርጠር ደርሼ ነበር።

ነገሩን የፈታችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሂርማታ ገበያ እህል ስትሸጥ ነው የኖረችው።

«ስንት ኪሎ ታስገቢያለሽ? ተቆልቶስ ስንት ይወጣል?» አለችኝ።

«ያስገባሁትን ያህል ነዋ፣ እትዬ።»

ትንሽ አየችኝና «በይ ሚዛኑን አምጪው» አለች።

10 ኪሎ መዘንን። ቆላነው። ፍሬው ሲንጣጣ ሁለታችንም ማሽኑ አጠገብ ቆመን ጠበቅን። ቡና ሲቆላ ያብጣል፤ ለዓይን የበዛ ነው የሚመስለው። በርዶ ሚዛን ላይ ስናወጣው ግን 8 ኪሎ ከ300 ግራም ሆነ። ውሃው ይተናል፣ ገለባው ይረግፋል፤ እንደ አቆላሉ ከመቶ 15 እስከ 20 ያህል ይቀንሳል። ጠቆር ሲል ደግሞ ይብስበታል። ቡና ሲቆላ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ይሄን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ዋጋ የማወጣው በአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ዋጋ ላይ ማሸጊያና ትርፍ ጨምሬ ነበር። ለካ 100 ኪሎ የተቆላ ስሸጥ 120 ኪሎ ጥሬ ነው የሚወጣብኝ። ሃያው ኪሎ ከኪሴ ነበር።

ያን ዕለት ማታ አለቀስኩ። ከብሩ ይልቅ ልጆቹን መጠርጠሬ ነው ያስለቀሰኝ።

ዋጋ ጨመርኩ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ምክንያቱን ቁጭ ብዬ አስረዳሁ። የሄዱ አሉ፤ ከሄዱት የተመለሱም አሉ። ለራሴም ደሞዝ ቆረጥኩ። ትንሽ ናት፤ ግን ከካዝናው እንደፈለግኩ ማንሳቱን አስተወችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ ነጋዴ ደወሉልኝ። በወር 300 ኪሎ የተቆላ ቡና ይፈልጋሉ፤ ክፍያው ከወር በኋላ። ድሮ ቢሆን እልል ብዬ እሺ እል ነበር። አሁን ደብተሬን አወጣሁ። 300 የተቆላ ማለት 360 ኪሎ ግድም ጥሬ ነው። ጥሬውን ደግሞ እጅ በእጅ ነው የምገዛው። «በ50 ኪሎ እንጀምር፤ ሂሳቡ ሲገባልኝ እጨምርልዎታለሁ» አልኳቸው። ቅር አላቸው። አስቤበት እደውላለሁ አሉኝ።

እስካሁን አልደወሉም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሳቸው ናቸው ብዬ ልቤ ይመታል። ሥራው እንዲያድግ እኮ ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ። ግን የልጆቹን ደሞዝ በሰው ዱቤ ላይ ማንጠልጠል አልሆንልሽ አለኝ።

ክረምት ነው። እርጥበት እንዳይስቡ ጆንያዎቹን ከግድግዳው አርቄ እንጨት ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ነገ ጠዋት ሳንቆላ አንዱን አውርደን ደግመን እንመዝነዋለን።