ለአላፊ አግዳሚ የተሰቀለ አደይ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። ለእናንተም ለቤተሰቦቻችሁም፣ ይህን ከሩቅ አገር ሆናችሁ ለምታነቡትም ሁሉ ዓመቱ የጤናና የሰላም ይሁንላችሁ።

የዘንድሮ የእንቁጣጣሽ መልእክቴ ስለ ደጃፍ ነው። ሳሎናችንን የምናሳምረው ለእንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ጠርተነው ወይም ዘመድ ሆኖ የሚመጣ ሰው ነው። ደጃፍ ግን ወደ ቤታችን ለማይገባው ሰው ነው። ቆጣሪ ለሚያነበው ሠራተኛ፣ ቆሻሻ ለምትሰበስበው እናት፣ በጋራ መኖሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ዘወትር እየተላለፍን ስሙን ለማናውቀው ጎረቤት፣ በአጥራችን ሥር አቋርጦ ለሚሄድ ልጅ ነው። በራችን ላይ አንድ እፍኝ አደይ ስናስር ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ማለታችን ነው። ስለዚህ የቤት ውስጡ ሽርጉድ ጊዜ ቢያሳጣችሁ እንኳ በሩን አትርሱት እላለሁ።

ከሱቅ የሚገዛው የፕላስቲክ አበባ በየዓመቱ እየበዛ ነው። አቅሙና ጊዜው የፈቀደለትን ያደረገ ሰው አይወቀስም። ነገር ግን የፕላስቲክ አበባ ጥርም ላይ ሐምሌም ላይ ያው ነው፤ መስከረም መጥባቱን ሊያበስር አይችልም። አደይ የምታበስረው ሌላ ጊዜ ስለማትገኝ ነው። በእኛ የወቅት አከፋፈል ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ነው፤ መጸው የሚገባው በማግስቱ ነው። አዲሱን ዓመት የምንቀበለው እንግዲህ ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነው። አደይ ግን ወቅቱን ቀድማ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ደጋውን ቢጫ ታለብሰዋለች።

አንዷን አበባ ቀረብ ብላችሁ እዩአት። በሳይንስ ስሟ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ትባላለች፤ ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ናት። እኛ አንድ አበባ የምንለው የብዙ አበቦች ስብስብ ነው። በዙሪያው ቢጫዎቹ ቅጠሎች ተዘርግተዋል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚከፈቱ ደቃቅ አበቦች ታጭቀዋል። ንብ ካረፈችበት ቶሎ የማትነሣው አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው ስለምትሄድ ነው።

ከመስክ የምትቆርጡ ከሆነ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ ቁረጡ። ይህን አደራ እላለሁ፦ ከነሥሯ አትንቀሏት፤ ከአንድ ቦታም ጠርጋችሁ አትውሰዱ። የከርሞው መስክ ቢጫ የሚሆነው ዘንድሮ ሳይቀጠፍ በቀረው አበባ ዘር ነው። ቤት ስትደርሱ የግንዱን ጫፍ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ውሃው ውስጥ የሚሰጥመውን ቅጠል አራግፉት፤ አለበለዚያ በስብሶ ውሃውን ያበላሸዋል። ማስቀመጫ መግዛት አያስፈልግም። አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ ክዳኑ የጠፋ እንስራ፣ አንገቱ የተቆረጠ ቅል ከየትኛውም የመስታወት ዕቃ ይልቅ ለአደይ ይስማማታል።

ቀጤማ ደግሞ ከሳሎን አልፎ እስከ ደፉ ቢደርስ ደስ ይለኛል። አንዷን ዘንግ በጣታችሁ መሐል አንከባሉት፤ ክብ አይደለም፣ ሦስት ጠርዝ አለው። ሲረገጥ የሚወጣው ሽታ በሩን አልፎ ለሄደው ሰውም ይደርሰዋል። ደረጃ ላይ ግን አትጎዝጉዙት። እርጥብ ቀጤማ ያንሸራትታል፤ በደረጃው የሚወጡ የሚወርዱ አረጋውያን አሉ።

ለበሩ ጉንጉን መሥራት የምትፈልጉ፣ ለጋ የባሕር ዛፍ ቀንበጥ ክብ አድርጋችሁ እጠፉና ጫፍና ጫፉን በቃጫ እሰሩት። ከመንገድ ዳር የወደቀውን የባሕር ዛፍ ፍሬ፣ የፈረንጅ ጽድ ደረቅ ፍሬ፣ የበቆሎ እሸት ስትበሉ የምትጥሉትን ልባስ ሰብስቡ። የበቆሎው ልባስ ከደረቀ በኋላ ውሃ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ይለዝባል፤ ያን ጊዜ እንደ ፀጉር ሊጎነጎን ይችላል። ስፌት የሚችሉ እናቶች አክርማውን አርሰው የሚሰፉት በዚሁ ምክንያት ነው። በጎጃም ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ እንግጫ ነቅለው ከአደይ ጋር ይጎነጉናሉ፤ ይህን ሙያ ከእነርሱ የተማረ ሰው የእኔን ምክር አይሻም። ሽቦና ሙጫ ባታስገቡበት መልካም ነው። ቀንበጥና ቃጫ ብቻ ከሆነ፣ ሲደርቅ መስከረም 16 ከደመራው ጋር ሊነድ ይችላል።

ልጆች የሚያመጡትን የእንቁጣጣሽ ሥዕል መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ልጁ ፀሐይዋን፣ አበባውን፣ መልአኩን የሣለው እንዲታይለት ነው። ዝናብ በማይደርስበት በኩል በሩ ላይ ለጥፉትና ሲመለስ ይየው። ሰጥቶ ሲሄድ ከምትሰጡት ገንዘብ ጋር ስሙንም ጠይቁት።

በሰሜኑ ዓለም ለምትኖሩ ወዳጆቼ እንቁጣጣሽ የሚደርስባችሁ ቅጠል ሊረግፍ ሲዘጋጅ ነው። አደይ የለም ብላችሁ አትዘኑ። እዚያ ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው አረንጓዴው ቀለም ሲፈርስ ነው፤ ቢጫው በጋውን ሙሉ ቅጠሉ ውስጥ ተሸፍኖ ነበር። ከመናፈሻው መሬት የወደቀውን ለቅማችሁ፣ በወረቀት መሐል ከባድ መጽሐፍ ጭናችሁ አድርቁትና በራችሁ ላይ ስቀሉት። የውጭ አገር ጎረቤታችሁ ዱባና የጥድ ፍሬ ደጃፉ ላይ ሲደረድር፣ የእናንተ በር ላይ ያለው ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ አዲስ ዓመታችን ዛሬ መሆኑን ትነግሩታላችሁ፤ ቡናም ትጋብዙታላችሁ።

በዚህ ዓመት ሐዘን የደረሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በራችሁ ባዶ ቢሆን ማንም አይቀየማችሁም። እኛ ጎረቤቶች ደግሞ በዚያ በር ላይ ጌጥ ለመስቀል አንቸኩል። በበዓሉ ዋዜማ ገብተን አብረናቸው እንቀመጥ፤ ልጆች ካሉ ከልጆቻችን ጋር እናውላቸው፤ አደዩን ይዘን መምጣት የሚሻል መሆኑን ከእነርሱ እንስማ።

ጥቅምት ላይ በሩ ላይ ያለው አደይ ጠቁሮ ሲደርቅ፣ ከመጣላችሁ በፊት በአጥራችሁ ጥግ፣ አፈሩ ባልተነጠፈበት ቦታ አራግፉት። ከርሞ የሚበቅል ካለ ለጎረቤትም ይተርፋል።

መልካም አዲስ ዓመት!