የዩኒየን ኤሌክትሪሺያን አፕረንቲስ ለመሆን፦ ትራንስክሪፕቱ፣ ፈተናው፣ ኢንተርቪው

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላሉ ወገኖች ኤሌክትሪክ ጥሩ ሙያ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አሽበርን አካባቢ የተተከሉት ዳታ ሴንተሮች ብቻ ምን ያህል ኤሌክትሪሺያን እንደሚፈልጉ ማየት ይበቃል። ወደ ሙያው አንዱ መግቢያ የዩኒየን አፕረንቲስነት ነው፤ እየሠሩና ደመወዝ እያገኙ የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም ነው። የእኛ ሰው ግን የመግቢያ ፈተናውን ሲፈራ፣ ከፈተናው በፊት በትራንስክሪፕት ይሰናከላል።

ፕሮግራሙን የሠራተኞቹ ዩኒየን አይቢኢደብሊው እና የኮንትራክተሮቹ ማኅበር ኔካ በጋራ ያስተዳድሩታል። የዲሲ አካባቢው የዩኒየኑ ቅርንጫፍ ሎካል 26 ሲሆን ላንሃም፣ ሜሪላንድ ይገኛል። ለኢንሳይድ ዋየርማን (በሕንፃዎች ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ባለሙያ) ሥልጠናው 5 ዓመት ይፈጃል፤ 8,000 ሰዓት ገደማ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራና ወደ 900 ሰዓት የክፍል ትምህርት አለው። 18 ዓመት መሙላት፣ የሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም ጂኢዲ፣ እንዲሁም የአንድ ዓመት አልጀብራ ቢያንስ በሲ ማለፍ ይጠየቃል። መንጃ ፈቃድና የሥራ ፈቃድም ያዘጋጁ።

ችግሩ አልጀብራው ላይ ነው። የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕት «ማቴማቲክስ» ብቻ ነው የሚለው፤ አልጀብራን ለብቻው አይጠቅስም። ቢሮው ደግሞ 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ ምን እንደተማሩ ከየት ያውቃል? ስለዚህ ትራንስክሪፕቱን የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃ በሚገመግም ድርጅት ሲያስገመግሙ ዲፕሎማውን ብቻ የሚያረጋግጠውን ርካሹን ሳይሆን ትምህርቱን በየኮርሱ የሚዘረዝረውን ይምረጡ። ሁለት ነገር አስቀድመው ይዩ። አንደኛ፣ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ ከሌላው ሰነድዎ ጋር በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጋጫል። ሁለተኛ፣ የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ ከመታወቂያዎ ጋር አንድ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ማመልከቻ ሲከፈት መጀመር ዘግይቶ መጀመር ነው። አልጀብራውን ማረጋገጥ ካልተቻለ ብዙ ማሠልጠኛዎች የኤሌክትሪካል ትሬኒንግ አልያንስን (የዩኒየኑና የኔካ የጋራ የሥልጠና ድርጅት) የኦንላይን ቴክ ማዝ የሒሳብ ኮርስ ይቀበላሉ፤ ኮሚውኒቲ ኮሌጅም ሌላ መንገድ ነው።

ፈተናው ሁለት ክፍል ነው፦ 33 የሒሳብ ጥያቄ በ46 ደቂቃ፣ 36 የንባብ ጥያቄ በ51 ደቂቃ። ካልኩሌተር የለም። ውጤቱ ከ1 እስከ 9 ይሰጣል፤ ለኢንተርቪው ቢያንስ 4 ያስፈልጋል። አገር ቤት ሒሳብ በደንብ የተማረ ሰው ክፍልፋይና ኢኩዌሽን ካደሰ ሒሳቡን ይወጣዋል። የሚያስቸግረው ንባቡ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ከደቂቃ ተኩል ያነሰ ጊዜ ነው ያለው፣ ምንባቡን የምታነቡበትን ጨምሮ። ሰዓት ይዞ መለማመድ ግድ ነው። የወደቀ ሰው በአብዛኛው 6 ወር ይጠብቃል።

ደረጃ የሚያወጣው ግን ኢንተርቪው ነው። ከዩኒየኑም ከኮንትራክተሮቹም የተውጣጡ ሰዎች ነጥብ ይሰጣሉ፤ ስምዎ በነጥቡ ተራ ይሰለፋል፣ ጥሪውም በዚያው ቅደም ተከተል ነው። እዚህ ላይ አስተዳደጋችን ይጎዳናል፤ ራስን ማመስገን ነውር ስለሆነብን «ምንም ሥራ እሠራለሁ» ብለን እንዘጋዋለን። ይህ መልስ ነጥብ አያሰጥም። ፓርኪንግ የሠራ ሰው ስንት ዓመት እንደሠራ፣ በስንት ሰዓት ፈረቃ እንደገባ፣ ስንት መኪና እንደተረከበ፣ የተቆጣ ደንበኛን እንዴት እንዳረጋጋ ይናገር። ግንባታ ጠዋት 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ ስለሚጀመር ማልዶ መገኘትን በተግባር ማሳየት ትልቅ ነገር ነው።

ደመወዙን በተመለከተ፣ የመጀመሪያ ዓመት አፕረንቲስ በአብዛኛው ከጆርኒማን (ሥልጠናውን የጨረሰ ባለሙያ) ደመወዝ ከ40 እስከ 50 በመቶ ያገኛል፤ ሰዓቱንና ክፍሉን ሲጨርስ ይጨመርለታል። ኡበር ነድቶ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ይህ ከባድ ነው፤ የጥቂት ወራት ኪራይ ሳይቆጥቡ መግባት አልመክርም። ብዙ ቦታ ሥልጠናውን አቋርጦ ዩኒየን ወዳልሆነ ድርጅት የሚሄድ ሰው ወጪውን እንዲመልስ የሚያስገድድ ውል ስላለ ከመፈረምዎ በፊት አንብቡት።

ጥሪ እየጠበቁ አንድ የግማሽ ኢንች ቤንደር (የቧንቧ ማጠፊያ) እና 10 ጫማ የኢኤምቲ ቧንቧ (ሽቦ የሚያልፍበት ቀጭን ብረት) ገዝታችሁ ተለማመዱ። ለምሳሌ 12 ኢንች ከፍታ ያለው 90 ዲግሪ ለመሥራት ከ12 ላይ 5 ኢንች ይቀነሳል (ቁጥሩ ቤንደሩ ላይ ተጽፏል)። ከቧንቧው ጫፍ 7 ኢንች ላይ ምልክት አድርጉ፣ የቤንደሩን ቀስት ምልክቱ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ እጀታውን እየሳባችሁ ክብደታችሁን በእግር ቤንደሩ ላይ ጣሉ። ጀማሪ በእጁ ብቻ ሲጎትት ቧንቧው ከቤንደሩ ይለቅና መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀ ቧንቧ ሽቦ በቅጡ ስለማያሳልፍ ይጣላል። ኦፍሴት (ቧንቧው እንቅፋት ለመዝለል ሁለት ጊዜ የሚታጠፍበት) ላይ ደግሞ በ30 ዲግሪ ከሆነ ከፍታውን በ2 አባዙት፤ 4 ኢንች ለመዝለል ሁለቱ ምልክቶች 8 ኢንች ይራራቃሉ። ሁለተኛውን ከማጠፋችሁ በፊት ቧንቧውን ግማሽ ዙር አዙሩትና ከጫፉ ሆናችሁ በአንድ ዓይን እዩት፤ ትንሽ እንኳ ከተጣመመ ግድግዳ ላይ አይተኛም።