ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ ለማከራየት ብላችሁ የመጀመሪያ ቤታችሁን ልትገዙ ከሆነ፣ ደላላው ባሳያችሁ የካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ ሰነድ) ኮፒ ብቻ ቀብድ አትክፈሉ። ኦሪጅናሉን ጠይቁ። የባለቤቱ ስም ከመታወቂያው ጋር በፊደል ይገጥማል? ስፋቱስ መሬት ላይ ካለው ጋር? አገልግሎቱ «መኖሪያ» ከተባለ ሱቅ አድርጎ ማከራየት ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ይዞታው የሊዝ ከሆነ የቀረው ዘመንና ያልተከፈለው የሊዝ ዕዳ ይታይ።

ከዚያ ዕዳና እገዳ። የሻጩ «ነጻ ነው» አይበቃም፤ ባለቤቱ አመልክቶ ከሚመለከተው የመሬት ይዞታ ቢሮ የቅርብ ቀን ማረጋገጫ ያምጣ።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በውክልና ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያበቃም፤ የመሸጥ ሥልጣኑ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ወካዩ ከሞተም ውክልናው ይቋረጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ በቪዲዮ አነጋግሩት፣ ውክልናው አለመሻሩንም አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ይቅረብ።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፤ አንቀጽ 1723 የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ታክስ ለመቀነስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ካሏችሁ እባካችሁ እንቢ በሉ። ውሉ ቢፈርስ በማስረጃ የምትጠይቁት የተጻፈውን ብር ነው፤ በእጅ የሰጣችሁትን ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። ክፍያው በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን። የውሃና የመብራት ውዝፍ ካለ፣ ማን እንደሚከፍል እዚያው ውሉ ላይ አስጽፉ።