«ዜሮ» ብለን የጻፍንበት ደን

የደን ቆጠራ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ሽርሽር ይመስላል። ቦርሳ አንግቦ ጫካ ለጫካ መዞር። ሥራው ግን ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ ተንበርክኮ የወደቀ ቅጠል መግለጥ ነው። ዛሬ የምጽፈው ደቡብ ጎንደር ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ስንቆጥር ስለገጠመን ነገር ነው። ገጠር ወርደው ዳታ ለሚሰበስቡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቢሮ ሆነው ዳታ ለሚቀበሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ስለ አገሩ ትንሽ ልበል። ከወረታ ተነስታችሁ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ የምታዩት እርሻ ነው። ከኋላችሁ የፎገራ ሜዳ ሩዙን ይዞ ይቀራል። ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ጤፍ ይመጣል፣ ከዚያ ገብስና ባቄላ። ወዲያ ማዶ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነስተው ነው ጣና የሚገቡት። በዚህ ሁሉ መሬት ላይ የሚታየው ዛፍ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ የቀረው በየአድባራቱ ዙሪያ ነው። ኮረብታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ካያችሁ መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን ይኖራል ብላችሁ ብትገምቱ አትሳሳቱም።

ደኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ በውስጣቸው የያዙት ግን ብዙ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ተመራማሪ በዚሁ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ይህን ያቆየው ጥበቃ ሠራተኛ ወይም የመንግሥት አዋጅ አይደለም። ካህናቱና የአካባቢው ገበሬ ናቸው ትውልድ ለትውልድ ሲጠብቁት የኖሩት። ከተማ የሚኖር ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ወደ ገጠመኙ ልግባ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ወጥቷል፣ መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ለቡቃያ ቆጠራ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ከመኪና መንገዱ ወርደን በማሳ መሐል ባለች ቀጭን የእግር መንገድ ሄድን። ግራና ቀኙ እህል ነው። እረኞቹ ከብቱ ማሳ ውስጥ እንዳይገባ ዱላ ይዘው ዳር ዳሩን ይሮጣሉ። የእነዚህ ልጆች ሩጫ በኋላ ለጥያቄያችን መልስ እንደሚሆን ያኔ ማናችንም አላሰብንም።

ደኑ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ቅዝቃዜው ነው። ከዚያ የወፉ ድምፅ። የጽዶቹ ግንድ ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው ነው። ላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ዳር ዳሩን የቆሎ ተማሪዎቹ ጎጆዎች አሉ፣ ከውስጣቸው የሚያጠኑ ልጆች ድምፅ ይሰማል። እኔ ብዙ ደን አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን ጥቂት ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ሃያ በሃያ ሜትር ቦታ በገመድ እንከልላለን። ውስጡ ያለውን ትልቅ ዛፍ ሁሉ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ግንዱን እንለካለን። ከዚያ በክልሉ ውስጥ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች እናወጣና ቡቃያውንና ለጋ ዛፉን አንድ በአንድ እንቆጥራለን። ፕሎቶቹ፣ ማለትም በገመድ የምንከልላቸው ቦታዎች፣ የት የት እንደሚወድቁ አስቀድሞ ቢሮ ካርታ ላይ ተወስኗል። «እዚያ ጋ ያለው ያምራል» ብለን የምንመርጠው ነገር የለም።

የትልልቆቹን ዛፎች ልኬት ጨረስን፣ በጣም ደስ የሚል ቁጥር ነበር። ቡቃያው ላይ ስንደርስ ግን ባልደረባዬ ተንበርክካ ቅጠሉን ገለጠች፣ ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። የለም። ቀጣዩም ላይ የለም። ድግጣ የሚባለው ቁጥቋጦ አለ፣ እሾሃማ ቁጥቋጦም አለ። የጽድ ልጅ ግን የለም። የወይራም የለም። እናትየዋ ከላይ ቆማ ፍሬዋን ታራግፋለች፣ ከሥር ግን የበቀለ ነገር አይታይም። እኛም ያየነውን ጻፍን። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

ማታ ዳታውን ላክን። በማግስቱ ሱፐርቫይዘራችን ደወለ።

«ይሄ ሁሉ ዜሮ ምንድን ነው?»

«ቡቃያ የለም ማለት ነዋ።»

«በዚያ ሁሉ ትልቅ ዛፍ ሥር? በጥቅምት? ሰዓቱንም አይቻለሁ እኮ። የሌሎቹን ደኖች ግማሽ ጊዜ እንኳ አልፈጀባችሁም።»

የሚቆጠር ከሌለ መቁጠሩ ጊዜ አይፈጅም። ይህን ነገርነው። አላመነም። እውነቱን ለመናገር በመጠርጠሩ አልከፋኝም። ዛፍ ሥር ተኝቶ ቅጽ የሚሞላ ሰው በዚህ ሥራ ውስጥ አለ፣ ሱፐርቫይዘር የተቀመጠውም ይህን ለመያዝ ነው። የከፋኝ ቀጥሎ የተናገረው ነው።

«በቃ፣ የጎረቤት ደኖቹን አማካኝ አስገቡና እንዝጋው። ሪፖርቱ እየተጠበቀ ነው።»

የመጨረሻው ክፍያችን የሚለቀቀው ዳታው ሲጸድቅ ነው። ይህንን እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ስልኩ በላውድ ላይ ስለነበር ባልደረባዬ ሰምታለች። ቀረብ አለችና በቀስታ፣ ግን ጥርት ባለ ድምፅ መለሰችለት። «ያላየሁትን ቡቃያ አልጽፍም። ከፈለግህ ና፣ አብረን እንቁጠር።»

ዝም ብሎ ቆየና «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ። ይህንንም ለእሱ እመሰክርለታለሁ። ብዙ አለቃ እንዲህ ሲባል አይመጣም፣ ይቆጣል።

መጣ። ደኑ በር ላይ ቄሰ ገበዙን አገኘናቸው። መስቀል ተሳለምን። «ልጆቼ፣ ደግሞ ምን ጎድሎ መጣችሁ?» አሉን። ሱፐርቫይዘሩ የመጣበትን ነገራቸው። እሳቸው አልተገረሙም።

«እውነታቸውን ነው» አሉ። «ይኼ ደን ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት ሆኗል። ዘሩ ይወድቃል፣ ይበቅላልም። ከብቱ አያደርሰውም።»

«ታዲያ አባ፣ ከብቱ ለምን ይገባል?»

«አሁን ማሳው ሁሉ እህል ነው፣ የኔ ልጅ። ከብቱን የት ይውሰዱት? አዝመራው ሲነሳ ቃርሚያው ላይ ይለቁታል። እስከዚያ ድረስ ጥላውም ሣሩም ያለው እዚህ ነው። ልከልክል ብል ደግሞ ምእመኔ ነው፣ ከብቱ ቢሞትበት ለማን ይነግራል?»

የእረኞቹ ሩጫ ትዝ አለኝ። ከማሳ የተባረረው ከብት መሄጃው ደኑ ነው። ቡቃያ ከመሬት ብቅ የሚልበት ጊዜና እህል ማሳ ላይ የሚቆምበት ጊዜ አንድ ላይ ነው። ለዛፉ ልጅ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ሳምንታት ከብቱ ሌላ ቦታ የለውም። ይህንን ቅጻችን ላይ የሚጠይቅ አንድም ጥያቄ አልነበረም።

ከዚያ ቄሰ ገበዙ «ኑ» ብለው ወደ ውስጥ ወሰዱን። ከመቃብሩ ጀርባ፣ ድሮ አንዲት መነኩሲት ይኖሩበት የነበረ ቦታ ነው። ጎጆው ፈርሷል። የድንጋይ ካቡ ግን ዙሪያውን እንደቆመ ነው፣ ደረት ድረስ ይደርሳል። በካቡ ተንጠልጥለን ገባን።

ውስጡ ሌላ አገር ነው። የወይራ ቡቃያ፣ የጽድ ቡቃያ፣ ጉልበት የደረሰ ጥቁር እንጨት። እግር የሚቆምበት ቦታ መርጠን ነው የተራመድነው። አፈሩ ያው ነው። ዛፉ ያው ነው። ዝናቡም ያው ነው። ልዩነቱ ያ ካብ ብቻ ነው። ሱፐርቫይዘራችን በንጹሕ ሱሪው ተንበረከከና መቁጠር ጀመረ። ሲቆጥር ሲቆጥር ተሳሳተበትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከዚያ ወጥቶ የእኛን ፕሎቶች በየተራ ራሱ አያቸው። የከብት ዱካና እበት በየቦታው ነበር። ዜሮዎቹ ሁሉ ባሉበት ጸደቁ።

እዚህ ላይ ለምን ነገሩን እንዲህ አጥብቄ እንደያዝኩት ልናገር። የአገራችን ነባር ዛፎች አብዛኞቹ ዘራቸው አፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ አይጠብቅም። በነዚህ ደኖች አፈር ላይ በተደረገ ጥናት ከአፈሩ ተለይተው የበቀሉት በብዛት ሣርና ቅጠላ ቅጠል ነበሩ፣ ዛፉ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ አሮጌው ጽድ ሲወድቅ የሚተካው ከሥሩ አስቀድሞ የበቀለ ልጅ ካለ ነው። ከሌለ መጠባበቂያ የለም። ከደኑ ወጥቶ ማሳ ላይ የወደቀው ዘር ደግሞ ወይ ፀሐይ ያደርቀዋል ወይ ማረሻ ይገለብጠዋል። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ከብት በተከለከለበትና ባልተከለከለበት ቦታ ያለውን ቡቃያ አነጻጽረው ያሳዩትም ይህንኑ ነው። አጥር ባለበት ብዙ ይበቅላል፣ ብዙም ይተርፋል።

አሁን ያንን አማካኝ አስገብተን ቢሆንስ? ደኑ የሌለውን ልጅ በወረቀት እንሰጠው ነበር። ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው ትልልቅ ዛፎቹን ያያል፣ የቡቃያውን ቁጥር ያያል፣ «ይሄ ደን ደህና ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። ካብ የሚያስፈልገው ደን ካብ ሳያገኝ ይቀራል። አማካኝ ማስገባት ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ቢሮ ውስጥም «ጋፕ መሙላት» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ከስርቆት አላሳንሰውም።

ከዚያ በኋላ ቅጹ ተቀየረ። ዜሮ ሲገባ ቅጹን የምንሞላበት አፕሊኬሽን ዝም ብሎ አያልፍም፣ ይጠይቃል። የከብት ዱካ ወይም እበት አለ? መሬቱ ተጠርጓል? በቅርብ የታጠረ ቦታ ካለ ውስጡ ምን ይታያል? ፎቶም ያስነሳል። ሱፐርቫይዘራችን ራሱ ነው ቢሮ ድረስ ገብቶ የተከራከረለት። ክፍያችንም ተለቀቀ።

ደኑን በካብ የማጠርን ነገር ቄሰ ገበዙ ቀድመው ሰምተውት ኖሯል። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱ ጋር በመነጋገር በዚያው ዞን የተለያዩ ደኖች በድንጋይ እንዲታጠሩ አድርገዋል። ድንጋዩ የሚመጣው ከገበሬው ማሳ ነው። ገበሬው ማረሻውን የሚሰብርበትን ድንጋይ ያነሳል፣ ማሳው ይጸዳለታል፣ ደኑም ይታጠራል። በጣም የምወደው አሠራር ነው።

ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ነገሩ ተነሳ፣ እኛም ቁጥሩን እንድንናገር ተጠራን። ባልደረባዬ ተነስታ ያየችውን ተናገረች፤ የዜሮውንም፣ ከካቡ ውስጥ ያለውንም። ሽማግሌዎቹ በጥሞና ሰሟት። ድንጋይ ማምጣቱን የተቃወመ አልነበረም። ክርክሩ የተነሳው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ከደኑ ጋር የሚዋሰን አንድ ገበሬ «ካቡ ከዛፉ ወጣ ብሎ ከተካበ የኔን ትልም ይበላል» አለ። ትክክል ነው፣ ይበላል። ከዛፉ ገባ ብሎ ከተካበ ደግሞ ከውጭ የቀሩት ዛፎች አለቁ ማለት ነው። አንድ አዛውንት «እንግዲያው የሱን ትልም ማኅበሩ በጉልበት ይካሰው፣ በአጨዳ እንርዳው» አሉ። እሺ አለ።

ቀጥሎ የከብቱ ነገር መጣ። ከደኑ ሣር አጭዶ ለመስጠት ተስማሙ፣ ከብቱ ግን ገብቶ አይግጥም። በሩ ላይ ረጅም ሰዓት ፈጀባቸው። አስከሬን ተሸክሞ የሚገባ ሰው ሰፊ በር ይፈልጋል። ለታቦት መውጫም እንዲሁ። ሰፊ በር ደግሞ ከብት ያስገባል። በመጨረሻ ቄሰ ገበዙ በሩ ሰፊ ሆኖ በእንጨት መዝጊያ ይዘጋ፣ የመዝጊያው ኃላፊነት በየተራ ለቆሎ ተማሪዎቹ ይሰጥ አሉ። በዚያው ተስማሙና ድንጋይ ማምጣቱ አጨዳው እንዳለቀ እንዲጀመር ቀን ቆረጡ።