ጎበዙ ማሽን

ማሽኑ በቀን ሁለት ሦስቴ በራሱ ጊዜ ቀጥ ይላል። «ከሞተሩ መልእክት አልደረሰም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። መልሰው ሲያስነሱት ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ኔትወርኩን የዘረጋሁት እኔ ነኝና ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ደግሞ መከራከሪያ ነበረኝ። ሞተሮቹ ለመቆጣጠሪያው በየ1 ሚሊሰከንዱ መልእክት ይልካሉ። 10 ሚሊሰከንድ ዝም ካሉ ማሽኑ ለደኅንነት ይቆማል። የስዊቹን (የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚገናኙበትን ሳጥን) ግራፍ ስከፍት ከመስመሩ አቅም 5 በመቶው እንኳ አልተነካም። ፒንግም፣ ማለትም የሙከራ መልእክት ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው። «ኔትወርኩ ንጹሕ ነው፣ ኬብሉን ቀይሩ» ብዬ ላጥ አልኩ። ኬብሉ ተቀየረ። ማሽኑ ግን ያው ነው።

በሦስተኛው ቀን ኦፕሬተሯ፣ «ይሄ ማሽን እኮ ጎበዝ ነው፤ የሚቆመው የተበላሸ ዕቃ ሲያልፍ ነው» አለችኝ። ሳቅኩ። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ለካ ከሁለት ሳምንት በፊት የጥራት ካሜራውን እዚያው ስዊች ላይ የሰካሁት ራሴ ነኝ! ካሜራው ደህና ዕቃ ሲያይ አጭር መልእክት ልኮ ያልፋል። ብልሽት ሲያይ ግን 300 ኪሎባይት ፎቶ በሰከንድ በ1 ጊጋቢት ፍጥነት ያፈሳል። ከስዊቹ ወደ መቆጣጠሪያው ካቢኔ የሚወጣው የጋራ መስመር ደግሞ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ወረቀት ላይ ሠራሁት፦ 2.4 ሚሊዮን ቢት፣ 24 ሚሊሰከንድ። የሞተሩ ሚጢጢ መልእክት ከፎቶው ኋላ ተሰልፋ ትቀራለች። ግራፉ የሚያሳየኝ የ5 ደቂቃ አማካይ ነው። 24 ሚሊሰከንድ እዚያ ውስጥ ምኗ ይታያል?

መልእክትም ሆነ ፎቶ በኢተርኔት ኔትወርክ የሚሄደው ፓኬት በሚባሉ ቁራጮች ነው፤ እያንዳንዱ ፓኬት ላይ ከ0 እስከ 7 የሚሄድ የቅድሚያ ቁጥር ሊለጠፍ ይችላል። ለሞተሮቹ ከፎቶው ቀድመው እንዲያልፉ 6 ሰጠኋቸው። ቅድሚያ ሲባል ግን መውጣት የጀመረውን ገፍትሮ ማለፍ አይደለም። ፊት ያለው ፓኬት እስኪጨርስ መጠበቅ አለ፤ ትልቁ 1518 ባይት ቢሆን በዚያ መስመር 120 ማይክሮሰከንድ ገደማ። ለእኛ ከበቂ በላይ ነው። ይቺንም መታገስ ለማይችል ሥራ ቲኤስኤን የሚባለው የኢተርኔት ዘዴ አለ። ስዊቾቹ ሰዓታቸውን አናበው፣ የመልእክቷ ተራ ሲደርስ ለሌላው በሩን ይዘጋሉ። የእኛ ስዊች ያንን አያውቅም።

በሳምንቱ ኦፕሬተሯ ጠራችኝ፤ ፊቷ ላይ ስጋት አለ።

«ማሽኑን ምን አደረግከው? የተበላሸ ዕቃ እያለፈ እኮ አይቆምም!»