አግራፎቹን የነቀልኩ ዕለት

መዝገብ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ስብስብ ለብቻዬ ተሰጠኝ። የአንድ ሟች ደራሲ ቤተሰብ ያስረከበው 14 ካርቶን ነው። ውስጡ የእጅ ረቂቅ አለ፣ በታይፕ የተመታ ቅጂ አለ፣ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ በአንድ ማስታወሻ ደብተር መሀል የደረቀ ቅጠልም አለ። ስድስተኛውን ካርቶን ስከፍት የአንድ ልብ ወለድ ፕሩፍ አገኘሁ። ፊደል ለቃሚው ጨርሶ፣ ማተሚያ ቤቱ ለእርማት ያህል አትሞ የላከው ወረቀት ማለት ነው። ዘጠኝ ምዕራፍ፣ 186 ገጽ፣ ሁለት ሁለት ቅጂ። የአንዳንዱ ገጽ ኅዳግ በቀለም ከመሞላቱ የተነሣ ከታተመው ይልቅ የተጻፈው ይበዛል።

ፕሩፍ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ከረቂቁ ያነሰ አድርጎ ያየዋልና። ረቂቅ ደራሲው ብቻውን የሆነበት ወረቀት ነው። ፕሩፍ ግን አደባባይ ነው፤ ደራሲው፣ አራሚው፣ አሳታሚውና ፊደል ለቃሚው እዚያው ወረቀት ላይ ይጨቃጨቃሉ። ፈረንሳዊው ደራሲ ባልዛክ ፕሩፉን እንደ ረቂቅ ነበር የሚያየው። ደጋግሞ እያስለቀመ፣ ደጋግሞ እየጨመረ፣ የተጨማሪውን ሥራ ወጪ ከራሱ ገቢ ያስቀንስ ነበር። የተቦጫጨረውን ወረቀትም አስጠርዞ ለወዳጆቹ ይሰጥ ነበር። ጣል የማይባል ነገር መሆኑን ከማንም በፊት ያወቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ካርቶኔ ልመለስ። እያንዳንዱ ምዕራፍ ለየብቻ ታስሯል፤ አንደኛው ቅጂ በአግራፍ፣ ሁለተኛው በላስቲክ። አግራፉ ዝጓል። ላስቲኩ ደርቆ ወረቀቱ ላይ እንደ ሙጫ ተጣብቋል። በዚህ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም ተምረናል። ብረት እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፣ ዝገቱም ውሎ አድሮ ወረቀቱን ይበላዋል፤ ስለዚህ ይነሣል። ከአግራፉ ሥር ስስ ፕላስቲክ እያስገባሁ፣ ወረቀቱን ሳልቀድ፣ ዘጠኙንም ቀስ ብዬ አላቀቅሁ። ላስቲኩንም እንዲሁ።

እስከዚህ ጥፋት የለብኝም።

ከዚያ ግን ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን ሳየው አላስቻለኝም። ለሚመጣው አንባቢ እንዲመች ብዬ ገጽ 1ን ከገጽ 1 ጋር፣ ገጽ 2ን ከገጽ 2 ጋር እያጣመርኩ እስከ 186 ደረደርኩት። በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ምንም እርማት የሌለባቸውን ወረቀቶች ደግሞ ምን ያደርጋሉ ብዬ በዓመቱ መጨረሻ ወደሚወገደው ሣጥን ውስጥ ከተትኳቸው። አግራፎቹን ጣልኳቸው። ዝርዝሩ ላይ «ፕሩፍ፣ ሁለት ቅጂ፣ በገጽ ቅደም ተከተል የተደራጀ» ብዬ ጻፍኩ። «የተደራጀ» የምትለዋን ቃል ስጽፍ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ገና ማፍሰሴንም አላወቅሁም።

ከሰባት ወር በኋላ አንዲት ተመራማሪ መጡ። በዚያው ልብ ወለድ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ ነው የቆዩት። በታይፕ በተመታው ቅጂ ላይ ያለው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በታተመው መጽሐፍ ውስጥ የለም። የት እንደቀረ ሊያዩ ፈልገው ነበርና ገጽ 186 ላይ አገኙት፤ ፕሩፉ ላይ ተለቅሟል፣ ከዚያ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰርዟል። ጠሩኝ።

«ይህቺን የሰረዘው ማን ነው? ደራሲው ነው ወይስ አሳታሚው?»

መስመር የእጅ ጽሑፍ የለውም። ቃል ቢሆን ኖሮ ከደብዳቤዎቹ ጋር አስተያይተን እንለየው ነበር። ቀለሙም አልረዳንም። በብዙ ማተሚያ ቤት የፊደል ለቃሚው ስህተት በአንድ ቀለም፣ የደራሲው ለውጥ በሌላ ቀለም ይታረማል፤ ወጪውን የሚሸፍነው ሰው ስለሚለያይ ነው። እዚህ ግን በሁለቱም ቅጂ ላይ ቀዩም ሰማያዊውም ተደባልቋል።

«ዝርዝሩ ሁለት ቅጂ ይላል፤ የዚህ ገጽ ሌላው ቅጂ የታለ?» ብለው ቀጠሉ።

ያኔ ነው ሆዴ የተገለባበጠው።

አለቃዬ ጋ ገባሁ። በዚህ ሙያ ያረጁ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

«ስትፈታው እንዴት ነበር?»

«ግማሹ በአግራፍ፣ ግማሹ በላስቲክ ታስሮ ነበር።»

«የትኛው በየትኛው?»

«አላስታውስም።»

«አልጻፍከውም?»

«አልጻፍኩትም።»

«ፎቶስ?»

ዝም አልኩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፈረንሳዮች የአንድ ምንጭ መዝገብ ከሌላ ምንጭ መዝገብ ጋር እንዳይደባለቅ በ1841 እ.ኤ.አ. መመሪያ ካወጡ ጀምሮ ይህ የሙያችን ሀሁ ነው፤ ወረቀቱ በባለቤቱ እጅ እንደነበረ ይቆይ የሚለውም እንደዚያው። ለፈተና ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። በጭንቅላቴ ግን ደንቡ ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ዶሴ እንጂ ካርቶን ውስጥ ላለ የአግራፍ እስር የወጣ አይመስለኝም ነበር።

«ዝገቱንስ በላጲስ አጸዳኸው?» አሉኝ።

«ጊዜ ሳገኝ ላጸዳው ብዬ ነበር፤ አልደረስኩበትም።»

«እንኳን ሰነፍክ» ብለው ተነሡ።

መጀመሪያ የሚወገደውን ሣጥን አወጣን። ለዓመቱ መጨረሻ አምስት ሳምንት ይቀር ነበር። ገጽ 186 እዚያው ውስጥ ነበር፤ ምንም አልተጻፈበትም፣ ዓረፍተ ነገሩም አልተሰረዘም። አለቃዬ የክፍሉን መብራት አጥፍተው የጠረጴዛውን መብራት ወረቀቱ ጎን ዝቅ አድርገው አበሩት። ብርሃኑ በአግድም ሲመጣ በላይኛው ጥግ ላይ ከእርሳስ የቀረች ትንሽ ምልክት ታየች። አራሚዎች አንብቤ ጨርሻለሁ፣ የማርመው የለኝም ለማለት የሚያደርጓት ዓይነት ናት። እኔ ባዶ ያልኩት ወረቀት የተነበበ ወረቀት ነበር። ጠርዙ ላይ ደግሞ የላስቲኩ ቡናማ ቅባት አለ።

የተሰረዘበትን ገጽ 186 ከጎኑ አስቀመጥን። ምዕራፉ የሚያልቀው እዚህ ስለሆነ ከእስሩ የመጨረሻው ወረቀት እሱ ነው፤ ብረቱን በቀጥታ የነካውም እሱ ነው። ግራ ጥጉ ላይ የአግራፉ ቅርጽ በዝገት ታትሟል። የዚያው ምዕራፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይም በትይዩው ቦታ ሌላ የዝገት ቅርጽ አለ፤ አንዱ የአግራፉ ትልቁ ቀለበት፣ ሌላው ትንሹ። ያ የመጀመሪያ ገጽ ደግሞ በኅዳጉ ሙሉ አንቀጽ የተጻፈበት ነው፣ ጽሑፉም ከደብዳቤዎቹ የምናውቀው የደራሲው እጅ ነው። በሌሎቹ ስምንት ምዕራፎችም እንዲሁ ሆነ። ዝገት ባለበት የደራሲው እጅ አለ፤ የላስቲክ ቅባት ባለበት የለም።

ተመራማሪዋ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። «ስንት ዓመት ሙሉ አሳታሚውን ስወቅስ ኖሬ» አሉ በመጨረሻ። እኔም ዝገት የሚናገረው ወረቀቱ ከየትኛው እስር እንደሆነ ነው፣ ብዕሩን የያዘውን ጣት አይናገርም ልላቸው አሰብኩ። ሳልናገር እሳቸው ማስታወሻቸው ላይ ሲጽፉት አየሁ።

ይህ የማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ተራ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ፣ የገጣሚውን የኤልየትን «ዘ ዌስት ላንድ» ረቂቅ ያስታውስ። ግጥሙ በ1922 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ረቂቁ በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ላለ ጠበቃ ተልኮ ከዓይን ጠፋ። የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት «በእጄ ነው» ብሎ ያስታወቀው በ1968 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ እንዳለ ሲታተም የወዳጁ የገጣሚው የኤዝራ ፓውንድ ስረዛ፣ የኤልየት ባለቤት የቪቪየን ማስታወሻ፣ የራሱ የኤልየትም እርማት እየተለየ ታየ። ያ ግጥም እንዴት እንዳጠረ የምናውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።

ሁለት ሳምንት ወሰደብን። ቃል የተጻፈበትን ሁሉ በእጅ ጽሑፉ ለየነው። መሀል መሀሉ ላይ ያሉት ብረቱን ስላልነኩ አልዛጉም፤ ነገር ግን በአግድም ብርሃን አግራፉ ያስጎደጎደው ቦታ ይታያል። እያንዳንዱን ወረቀት ስንለይ በታችኛው ጥግ በቀላል እርሳስ ቁጥር እንሰጠው ነበር፤ እስሩን፣ ቀጥሎም በእስሩ ውስጥ ያለውን ቦታ። ከመፍታቴ በፊት ላደርገው የሚገባኝ ይኸው ነበር፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

22 ወረቀት ቀረ። ጽሑፍ የለባቸውም፣ ጉድጓድ የለባቸውም፣ ቅባት የለባቸውም፤ ወዴት እንደሚመለሱ አይታወቅም። በአንድ አቃፊ ከተትኳቸውና ላዩ ላይ «ቅደም ተከተላቸው የተዛባ ወረቀቶች» ብዬ ለአለቃዬ አሳየሁ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«ማን አዛባው?» አሉኝ።

አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ። አሁን ላዩ ላይ «22 ወረቀት፤ ከየትኛው እስር እንደሆኑ አይታወቅም፤ የተቀላቀሉት ስብስቡ ሲደራጅ እዚህ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው» ይላል። ከሥሩ ስሜና ቀኑ አለ።