ማያታዬ ፍሬን ቀየረች

ቅዳሜን ሙሉ መኪናዬ ስር ተኝቼ ዋልኩ። የ1990 ማዝዳ ማያታ፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር። መብራቷ ሲበራ ከኮፈኑ ብድግ የሚለው ያቺ ነገረኛ!

የፊት ፍሬን ዲስኳ ስፋት 235 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1994 ጀምሮ የወጡት ባለ 1.8ዎቹ ግን 255 አላቸው። ደስ ሲል፣ የነሱ ፍሬን ከነካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ማሰሪያው እሷም ላይ ልክክ ይላል። መበየድ የለ፣ መብሳት የለ። መከራው የድሮውን መፍታት ነው። አንዱ ቡሎን በዝገት ተጣብቆ አልንቀሳቀስ አለ። ማላቀቂያ ረጨሁበት፣ ቆየሁ፣ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቼ ተጫንኩት። "ጧ!" ተበጠሰ ብዬ ክው አልኩ። ለካ ለቆልኛል።

ከፍሬን ዘይቱ አየር ለማውጣት ደግሞ ረዳት ጠፋ። ሜሪላንድ ድረስ ልትጠይቀን የመጣችውን እናቴን መሪው ጋ አስቀመጥኳት። "እማዬ፣ እርገጪ... ያዢው... አሁን ልቀቂ!" ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ ፔዳሉን ስትረግጥ ብታዩዋት! ዘይቱ አረፋ መትፋት ሲያቆም፣ "ሁለት ሰው ለምትጭን መኪና ይሄ ሁሉ?" አለችኝ።

አዲሱን ሸራ ለማላመድ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር አልኩ። ቀጥ ነው የምታደርገው!

ቀጥሎ ላሜራው ነው። የጣሪያዋ ውሃ መውረጃ ሲደፈን ከበሩ ስር ያለው ቆርቆሮ ከውስጥ ይበላል፤ የማያታ የታወቀ በሽታ ነው። ጎበዝ ላሜራ ሠሪ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጣል አድርጉልኝ።